«ፔሮት ያም» ፍራፍሬ አይደለም

የልጆች የትምህርት ቤት ዕረፍት በደረሰ ቁጥር፣ ቃዲማ ዞራን ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ስሠራ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ከፎርምም ከማመልከቻም ጋር የማይገናኝ ነው። «ልጆቹን አንድ ቀን ወደ ባሕር ወስደን ጥሩ ዓሣ ብናበላቸው የት ይሻላል?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የገቡ ቤተሰቦች ናቸው። ለእነርሱ ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ጨው ያለበትን ባሕር ገና በሩቁ ነው የሚያዩት።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አኮ ሂዱ» እላለሁ። ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ ግን «ቆዩ፣ መጀመሪያ ትንሽ ተቀመጡ» ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው «ተቀመጡ» ካልሁ በኋላ የምናገረውን ነው። የመጨረሻውን ክፍል ግን እስከ ዛሬ ለማንም ባለጉዳይ አልተናገርሁትም።

ወደ አኮ ለመሄድ ከነታንያ ባቡር ይያዛል። አንዳንዱ ባቡር በቀጥታ ስለማይደርስ መንገድ ላይ መቀየር ያስፈልግ ይሆናል፤ ጣቢያው ላይ ጠይቁ። ሻባት ባቡር እንደሌለ መቼም ታውቃላችሁ። ከአኮ ጣቢያ እስከ አሮጌው ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ሽማግሌና ሕፃን ካለ አውቶቡስ ይሻላል። ግንቡን አልፋችሁ ከገባችሁ በኋላ መንገድ አትጠይቁ፤ የዓሣው ሽታ ራሱ ይመራችኋል።

ብዙ ሰው ጥሩ የባሕር ምግብ ሲነሣ ጣልያን አገር ያሉትን ጥንታውያን የወደብ ከተሞች ይጠራል፤ ቬኒስን፣ ጄኖዋን፣ ሊቮርኖን። እኔ አንዱንም አላየሁም፤ የብዙዎቻችን ኪስም እዚያ አያደርስም። ነገር ግን ጣልያኖቹ ራሳቸው በአንድ ወቅት ወደዚህ መጥተው እንደ ነበር አኮ ውስጥ ተማርሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመስቀል ጦረኞች አኮን በ1104 በጄኖዋ መርከቦች እርዳታ ከያዙ ወዲህ፣ የጄኖዋ፣ የቬኒስና የፒዛ ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው በከተማዋ የራሳቸውን ሰፈርና ገበያ አቋቋሙ። ተስማምተውም አልኖሩም፤ ከ1256 ጀምሮ ጄኖዋና ቬኒስ በዚያች ጠባብ ከተማ የተነሣ ለዓመታት ተዋግተዋል። ማርኮ ፖሎም በ1271 ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲጓዝ በአኮ አልፏል። በ1291 ከተማዋ በማምሉኮች እጅ ስትወድቅ የእነዚህ ሰፈሮች ዘመን አበቃ። ዛሬ ከላይ የምናየው አብዛኛው ቤት ከብዙ ጊዜ በኋላ በቱርኮች ዘመን የተሠራ ነው፤ የድሮው ከተማ ከሥሩ ተቀብሯል። ዩኔስኮ በ2001 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። «የፒዛ ሰዎች ወደብ» የሚባለው ስፍራ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ጣልያን ግን ነጋዴ አልነበረም። በፓዶቫ ከተማ በ1707 የተወለደው ራቢ ሞሼ ሓይም ሉጻቶ በ1743 ወደ ምድረ እስራኤል መጥቶ አኮ ኖሯል፤ በስሙ የሚጠራ ትንሽ ቤት ክኔሴት በአሮጌው ገበያ ውስጥ አለ። ከመብላታችሁ በፊት ልጆቹን አስገብታችሁ አሳዩአቸው።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ስተርክላቸው አባባ በጥሞና ሰምተው «እዚህም ነበሩ እንዴ?» ነበር ያሉት። አባባ ጣልያን ሲባል የሚያስታውሱት የአምስቱን ዓመት ጣልያን ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። በአኮም ሆነ በያፎ፣ በዓሣ ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው በትንንሽ ሳሕን የተደረደረ ሰላጣና ትኩስ ዳቦ ነው። ልጆቻችሁ በዳቦው እንዳይጠግቡ ተጠንቀቁ፤ ዓሣው ሲመጣ ተዘርረው ታገኟቸዋላችሁ። ዋጋ ስትጠይቁ «ለአንድ ዓሣ ነው ወይስ ለ100 ግራም?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ትንሽ ቁጥር የ100 ግራም ዋጋ ነው፤ ዓሣው ከግማሽ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ድንጋጤ ነው። ከመጠበሱ በፊት ዓሣውን ማየት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፤ አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ከጆሮው በታች ያለው ስንጥቅ ቀይ፣ ሽታው የባሕር ሽታ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው።

የትኛውን እንዘዝ ለምትሉ፣ እኔ ቡሪን በፍም የተጠበሰ እመርጣለሁ፤ ስብ ስላለው አይደርቅም። ባርቡንያ የሚባለው ትንሽ ቀይ ዓሣ በዘይት ሲጠበስ ጣፋጭ ነው፤ በሊቮርኖ በቲማቲም የሚሠሩት ስመ ጥር ምግብ ከዚሁ ዓሣ ነው ይባላል። አጥንት ለሚፈሩ ልጆች ደኒስ ወይም ላቭራክ ይሻላል። ሎኩስ ውድ ነው፤ አክስቴ እንደምትለው፣ ለሠርግ ይቆይ።

አሁን የተቀመጣችሁበት ዋና ነገር። በአሮጌው አኮ ካሉት የዓሣ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ የካሽሩት ቴዑዳ የላቸውም። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ባለቤቶቹና ተመጋቢዎቻቸው ሁሉ አይሁድ አይደሉም። ጠይቆ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው። ቴዑዳ ያለው ቤት ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ የምግብ ቤቱ ስም፣ የሰጠው ራብኑት፣ ከሁሉም በላይ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚገልጽ ቀን አለበት። ቀኑን ተመልከቱ፤ ጊዜው ያለፈ ቴዑዳ ከተሰቀለ ሥዕል አይሻልም። ከ1983 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ቴዑዳ የሌለው ምግብ ቤት «ካሽር» ብሎ በጽሑፍ ማውጣት አይችልም። አስተናጋጁ በአፉ «አትጨነቁ፣ ሁሉም ካሽር ነው» ቢል ግን ያ ቴዑዳ አይደለም። «ካሽር ስታይል» የሚለውም ጽሑፍ እንዳያታልላችሁ።

ደግሞ በታፍሪት ላይ፣ ማለትም በምግብ ዝርዝሩ ላይ፣ «ፔሮት ያም» የሚል ታገኛላችሁ። ኡልፓን የተማረ ሰው «ፔሮት» ፍራፍሬ፣ «ያም» ባሕር መሆኑን ያውቃል። ጣልያኖችም በቋንቋቸው «ፍሩቲ ዲ ማሬ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ያው ነው። ፍራፍሬ ግን አይደለም። ሽሪምፕስ፣ ካላማሪ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር፣ ክንፍም ቅርፊትም የሌለው የባሕር ፍጥረት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተከለከለው ይኸው ነው።

እኔ ይህን እንዴት አወቅሁት? በ2013 ከሃይፋ ዩኒቨርሲቲ በማኅበራዊ ሥራ ስመረቅ ቤተሰቦቼ ሁሉ ደስ ብሏቸው መጡ። እናቴ፣ አባቴ፣ አክስቴ፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ አባባም። ሃይፋ ከደረስን አኮ ቅርብ ነው ተባለ፤ ባሕር ዳር ያለ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ምግብ ቤቱን ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ቴዑዳ እንደሌለው አውቃለሁ፤ «ዓሣ ብቻ ነው የምናዝዘው፣ ምን ችግር አለው?» ብዬ ራሴን አሳመንሁ። በተማሪነቴ ከጓደኞቼ ጋር እዚያው ቤት በልቼ አውቃለሁ፤ የበላሁትም ዓሣ ብቻ አልነበረም። ይህን ከቤተሰቤ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

አባባ በ1991 ከደንቢያ ተነሥተው፣ አዲስ አበባ ቆይተው፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ወገን በ36 ሰዓት ውስጥ በተጓዘበት ጊዜ የመጡ ሰው ናቸው። እኔ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ይዘውኝ የገቡት እርሳቸው ናቸው ይባላል። ከመጡ ጀምሮ የሥጋ ቤት ሥጋ በልተው አያውቁም። የቄሶቻችን የእርድ ሥርዓትና የራቢዎች የእርድ ሥርዓት ስለሚለያይ፣ አባባ የሚበሉት ቄስ ያረደውን ብቻ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከሱፐር የመጣውን። በሠርግም በበዓልም አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ድስት ይጣዳል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል። ዓሣ ግን እርድ የለውም። ክንፍና ቅርፊት ካለው ቄሱም ራቢውም አንድ ናቸው። አባባን ከነልጅ ልጆቻቸው በአንድ ሳሕን ላይ የሚያቀርብ ምግብ ዓሣ ብቻ መሆኑን ስለማውቅ ነው፣ የምረቃዬ ቀን ዓሣ ካልበላን ያልሁት። አሳቤ ጥሩ ነበር።

አክስቴ ታፍሪቱን ተቀብላ ታነብ ጀመር። ዕብራይስጥ ማንበብ በመቻሏ ትኮራለች፤ ትኮራም ዘንድ ይገባታል፤ ሌት ቢሮ እያጸዳች ቀን የተማረችው ነው። «ፔሮት ያም! ለአባባ መጀመሪያ ፍራፍሬ ይምጣላቸው» ብላ አዘዘች። ሰማኋት። ስልኬ ላይ የእንኳን ደስ ያለሽ መልእክት እያነበብሁ ነበር፤ ግን በደንብ ሰማኋት። «እሱ ፍራፍሬ አይደለም» ለማለት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አንቺ እንዴት አወቅሽ?» እንደሚሆን ታየኝ። ዘጋሁት። አስተናጋጁ ሲያመጣው ያዩታል፣ ይመልሱታል፣ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

የመጣው በሊጥ ተለውሶ የተጠበሰ፣ ቀለበት ቀለበት የመሰለ ነገር ነው። ሽንኩርት ይመስላል። አባባ ባረኩና አንዱን አንሥተው በሉ። ሁለተኛውን ሊያነሡ ሲሉ የአጎቴ ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ «አባባ ካላማሪ ይበላሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

አባባ አልጮሁም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ወደ ድንጋዩ ወረዱ፣ በባሕሩ ውሃ አፋቸውን ደጋግመው ታጠቡ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን እስክንሄድ ድረስ እዚያው ቆሙ። የእኔ የምረቃ ዓሣ ቀዝቅዞ ቀረ። ነታንያ ከተመለሱ በኋላ ሰባት ቀን ጥሬ ሽምብራ ብቻ እየበሉ፣ ጠዋት ጠዋት ገላቸውን እየታጠቡ ሰነበቱ። የ78 ዓመት ሰው ነበሩ። አክስቴ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» እያለች አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አጽናናኋት። በዩኒቨርሲቲ ሰውን እንዴት እንደሚያጽናኑ ተምሬአለሁና በደንብ አጽናናኋት። እውነቱን ግን አልነገርኋትም።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ የምበላበትንና የማበላበትን ቦታ መምረጥ ተማርሁ። ለእናንተ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ቴዑዳ ያለው ቤት ብቻ ግቡ። ካላገኛችሁ ግን አኮን አትተዉ፤ ገበያው አለላችሁ። በአሮጌው ገበያ ዓሣ ሻጮች አሉ። ሙሉውን ዓሣ፣ ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ቅርፊቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ። የተቆረጠና የተፈጨ አትግዙ፤ ምን እንደ ነበር አይታወቅም። ሻጩ በራሱ ቢላዋ እንዳይነካው ከፈለጋችሁ «እኔ አጸዳዋለሁ» በሉት፤ አይቀየምም። ቢላዋ፣ ከሰልና መንጋል ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አኮ ለራቀበት ደግሞ ነታንያ ራሷ አለች። ከተማዋ ውስጥ ብዙ የሊብያ አይሁዶች ይኖራሉ፤ ዓርብ ማታ «ሕራይሜ» የሚሉትን ዓሣ ይሠራሉ። በነጭ ሽንኩርት፣ በቀይ በርበሬ፣ በከሙንና በቲማቲም ድልህ ነው። ቁሌት የሌለው የእኛ ዓሣ ወጥ በሉት። ጎረቤታችሁ ትሪፖሊታዊት ከሆነች በርበሬ ይዛችሁ አንኳኩ፤ እኔ እንዲህ ነው የተማርሁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችሁ መንጠቆ ይዘው ድንጋይ ላይ ከቆሙ፣ ሲነኩት እንደ ፊኛ የሚነፋ ዓሣ ይዘው እንዳይመጡ አስጠንቅቋቸው። ከቀይ ባሕር በስዊዝ ካናል በኩል የገባ መርዘኛ ዓሣ ነው፤ ቢበስልም መርዙ አይለቅቅም። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት እዚህ አገር 13 ሰዎች በልተውት ታመዋል። ቅርፊት የለውም፤ ኦሪትን የሚጠብቅ ቤት አያስገባውም።

በ2015 አባባን እንደገና አኮ ወሰድኋቸው። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ «ባሕሩ ምን አደረገኝ» አሉና መጡ። እንጀራ በፌስታል፣ ሚጥሚጣ በብልቃጥ፣ ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያዙ። ገበያው ውስጥ ከአንድ ሻጭ ፊት ቆመው አልነቃነቅም አሉ። ሙሽት ነው፤ በዕብራይስጥ አምኖን የሚባለው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከጭራው ወደ ራሱ ቅርፊቱን ፈገፈጉና «ይሄማ ቆሮሶ ነው!» አሉ። ልክ ናቸው፤ የጣናው ቆሮሶና የኪኔሬቱ አምኖን ዘመዳሞች ናቸው። አባባ በልጅነታቸው ጎርጎራ አጠገብ፣ በደንገል ታንኳ ከሚመጡት ከነገደ ወይጦ አጥማጆች ቆሮሶ ይገዙ ነበር፤ አምባዛን ግን ቅርፊት ስለሌለው አይነኩም። አምባዛም ቢሆን ኪኔሬት ውስጥ አለ፤ ስሙ እዚህ ስፋምኑን ነው፤ እዚህም አይበላም።

ዮሴፍ ቤን ማቲትያሁ የተባለው የጥንት ታሪክ ጸሐፊ ከ1900 ዓመታት በፊት ስለ ኪኔሬት ሲጽፍ፣ በኬፋር ናሑም ያለውን ምንጭ አንዳንዶች የዓባይ ሥር ነው ይሉታል፣ በግብፅ ያለውን የሚመስል ዓሣ ይገኝበታልና፣ ማለቱን ነገርኋቸው። ዓባይ ደግሞ ከጣና ነው የሚወጣው። አባባ ዓሣውን አገላብጠው እያዩ «እኛ በዚያ ሁሉ መከራ፣ እሱ በውሃ ዋኝቶ ገባ በይኛ» አሉ።

ከግንቡ ውጭ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ከሰል አያያዝን። ቅርፊቱን የገፈፉት ራሳቸው ናቸው። ዓሣው እሳቱ ላይ እያለ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«ያን ቀን ታውቂው ነበር?» አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ብዙ መልስም አዘጋጅቼ ነበር።

«አዎ፣ አውቀው ነበር፣ አባባ። በልቼውም አውቃለሁ።»

ዓሣውን በጣታቸው ገለበጡት። ጭሱ ወደ ፊታቸው ሲመጣ እንኳ አልሸሹም።

«እንግዲያ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዓሣው ሲደርስ እንጀራውን ዘረጉ፣ ባረኩ፣ ከጉንጩ ላይ ያለውን ለስላሳ ሥጋ ቆርሰው ሚጥሚጣ አስነክተው አጎረሱኝ። አጥንት ነበረበት፤ በምላሴ ፈልጌ አወጣሁት። ማታ በባቡር ስንመለስ ከሰሉና ዓሣው ልብሳችን ላይ ይሸት ነበር፤ ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት ተነሥታ ወደ ሌላ ወንበር ሄደች። አባባ ሳቁ። በማግስቱ ወደ አክስቴ ቤት ሄጄ ያዘዘችውን ስታዝዝ እንደ ሰማኋት ነገርኋት። እርሷ እንደ አባባ አልነበረችም፤ አንድ ወር አላነጋገረችኝም።